ኢንተርኔት ያልሰካሁባት ራውተር

ፋይል ለማስተላለፍ ብዬ ራውተር መግዛቴን የሰማ ሰው ሁሉ «ኢንተርኔቱንስ ከየት አመጣህላት?» ይለኛል። አላመጣሁላትም። ከገዛኋት ወራት አልፈዋል፤ እስከ ዛሬ ምንም ዓይነት የኢንተርኔት መስመር ሰክቼባት አላውቅም። በመዳፍ የምትያዘውን ይህችን ራውተር ከሥራ ዕቃዎቼ ሁሉ አስበልጬ የምወዳትም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለ መልኳ፣ ስለ መብራቷ፣ ስለ ማሸጊያዋ ብዙ የምለው የለኝም፤ ደህና ናት። የምጽፈው ስላስደነቀኝ አንድ ነገር ነው፦ ፋይልን ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው ለማሻገር ኢንተርኔት ጨርሶ አያስፈልግም። ይህን በወሬ ማወቅና በየዕለቱ ሥራ ላይ ማየት ለየቅል ነው።

ሥራዬ ቪዲዮ ነው። እኔ በአንድሮይድ ስልክ እቀርጻለሁ፣ ባልደረባዬ በአይፎን ትቀርጻለች፤ የምናቀናብረው በዊንዶውስ ላፕቶፕ ነው፤ ድምፁን የምናስተካክለው ሊኑክስ የተባለው ሥርዓት በዊንዶውስ ፋንታ በተጫነበት አሮጌ ኮምፒውተር ነው። አራቱም ለየብቻቸው ሥራቸውን በወጉ ይሠራሉ። ፋይል ተቀባበሉ ሲባሉ ነው እርስ በርስ ባዕድ የሚሆኑት።

ይህን ለሻጭ ብነግረው የሚመልስልኝን አውቀዋለሁ። «ደንበኛዬ፣ ሁሉንም ከአንድ ኩባንያ ብትወስድ እኮ ይህ ሁሉ ጣጣ አይኖርም።» የአፕል መሣሪያዎች ፋይል የሚቀባበሉበት ኤርድሮፕ ግሩም ነገር መሆኑን አልክድም። እ.ኤ.አ. በ2011 በማክ፣ በ2013 በአይፎን ላይ መጣ፤ በብሉቱዝ ተፈላልጎ በዋይፋይ ይልካል፣ ራውተርም አይፈልግም። ጉግልም በ2020 ኒርባይ ሼርን አወጣ፤ በ2024 ከሳምሰንግ ኩዊክ ሼር ጋር አዋሕዶ ስሙን ኩዊክ ሼር አለው። በ2025 መገባደጃ ደግሞ ፒክስል 10 ከተባለው የራሱ ስልክ ጀምሮ ኩዊክ ሼርና ኤርድሮፕ መቀባበል እንዲችሉ አደረገ። ደስ የሚል ዜና ነው። ግን የእኔ ስልክ ፒክስል 10 አይደለም፤ ሊኑክስ ያለበት ኮምፒውተሬም በዚህ ሁሉ ድግስ ውስጥ የለም። አራት ደህና መሣሪያ ጥዬ አራት አዲስ እንድገዛ የሚመክረኝ ሰው ችግሬን እየፈታልኝ ሳይሆን ዕቃውን እየሸጠ ነው።

ብሉቱዝ ሁሉም ላይ አለ ትሉ ይሆናል። ከአይፎን ወደ አንድሮይድ በብሉቱዝ ፋይል ልኮ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፤ አይፎን ያንን አይፈቅድም። የሚፈቅዱት መሣሪያዎችም ቢሆኑ ሒሳቡ ተስፋ ያስቆርጣል። ፋይል የምንልክበት የተለመደው ብሉቱዝ ቢበዛ በሰከንድ 3 ሜጋቢት ነው፤ በተግባር 2 አካባቢ ላይ ይወርዳል። አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ 4.5 ጊጋባይት የሚመዝን ቪዲዮ 36,000 ሜጋቢት ነው። በሰከንድ 2 እያሉ መላክ አምስት ሰዓት ይፈጃል። ፍላሽ ብል ደግሞ ብዙዎቹ ሲገዙ የሚመጡት ፋት32 በሚባለው አሠራር ተዘጋጅተው ነው፤ እሱ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። በመልእክት መለዋወጫ አፖች ስትልኩ ፎቶው ያንሳል፣ መቼና የት እንደተነሳ የሚናገረው መረጃም አብሮ ይጠፋል። ለወዳጅ ሰላምታ ይበቃል፤ ለሥራ ግን አይሆንም።

አሁን ወደ ራውተሯ። ራውተር ሁለት ሥራ ነው ያለው። አንዱ ከውጭው ኢንተርኔት ጋር ማገናኘት ነው፤ ሁለተኛው በውስጥ ያሉትን መሣሪያዎች እርስ በርስ ማገናኘት ነው። ሁለተኛው ሥራ የመጀመሪያውን ጨርሶ አይጠብቅም። ራውተሯን ፓወር ባንክ ላይ ስሰካት ዋይፋይዋን ትለቃለች፤ ለገባው መሣሪያ ሁሉ አድራሻ ትሰጣለች፤ ከዚያ በኋላ ከስልኬ የወጣው ፋይል በእሷ በኩል አልፎ ላፕቶፑ ላይ ያርፋል። የዳታ ጥቅል አይነካም፣ የማንም ሰርቨር ውስጥ አይገባም፣ አካውንት አይጠይቅም።

በላይዋ የምንጠቀመው አፕ ሎካልሴንድ ነው። ነፃ ነው፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ በአንድሮይድ፣ በአይፎን፣ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ላይ ይሠራል። ስትከፍቱት በኔትወርኩ ውስጥ «እኔ እዚህ አለሁ» እያለ ያውጃል፤ ሌሎቹም ይመልሱለታል። ለእያንዳንዱ መሣሪያ አንድ ቅጽልና አንድ የፍራፍሬ ወይም የአትክልት ስም አጣምሮ ስለሚሰጠው ዝርዝሩ ላይ «ብልህ ማንጎ» ዓይነት ስም ታያላችሁ፤ እኛ ግን መምታታት እንዳይመጣ ወዲያው በየራሳችን ስም ቀይረነዋል። ፋይሉን መርጣችሁ ስሙን ስትነኩ በተቀባዩ ስክሪን ላይ የላኪው ስምና የፋይሉ መጠን ይመጣል፤ ተቀባዩ ካልፈቀደ አንዲት ባይት አትንቀሳቀስም። መንገድ ላይ ያለው ፋይል የተመሰጠረ ነው። ሳይጠይቅ በራሱ እንዲቀበል የሚያደርግ ምርጫም አለው፤ እሱን ሰው በሚበዛበት ዋይፋይ ላይ አጥፉት።

ያ 4.5 ጊጋባይት ቪዲዮ በዚህ መንገድ ከአይፎኑ ወደ ላፕቶፑ ሲገባ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። ዙሪያችን ላይ የስልክ ኔትወርክ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሁለቱም ስልኮች «አገልግሎት የለም» ይላሉ። ከሦስት ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ አለቀ። ባልደረባዬ ፋይሉን ከፍታ መጨረሻውን አየችው፤ ጥራቱ እንደነበረ ነው፣ የተቀረጸበት ሰዓት እንኳ አልተዛባም። ያኔ ነው ይህ ዕቃ ከእጄ እንደማይወጣ የቆረጥኩት።

ስለ ፍጥነት ግን ከሻጩ ጋር መነጋገር አለብን፤ እዚህ ላይ ሰው ይታለላል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ 1200 ተብሎ ተጽፏል። «በሰከንድ 1200 ሜጋቢት ነው ደንበኛዬ፣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?» ይሄ 1200 የሁለት ሞገዶች ድምር ነው፤ 300 በ2.4 ጊጋኸርዝ፣ 867 በ5 ጊጋኸርዝ፣ ከዚያ ወደ ላይ ተጠጋግቶ። አንድ ስልክ በአንድ ጊዜ የሚገባው በአንደኛው ብቻ ነው፤ ስለዚህ 1200ን የሚያይ ስልክ የለም። 867ቱም የወረቀት ነው፤ በተግባር የሚደርሰን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። በዚያ ላይ ቁጥሩ በሜጋቢት ነው፣ ፋይላችን ደግሞ የሚለካው በሜጋባይት፤ ለስምንት ይካፈል። ይህን ሁሉ ካካፈልን በኋላ እኔ የማገኘው በሰከንድ 25 እስከ 30 ሜጋባይት ነው። በቂዬ ነው፣ ከበቂም በላይ ነው። ታዲያ እውነቱ ይህን ያህል ደህና ሆኖ ሳለ ካርቶኑ ላይ የሌለ ቁጥር መጻፍ ለምን አስፈለገ?

ፍጥነቱን እጥፍ ያደረገልኝ ምስጢር ደግሞ ካርቶኑ ላይ የለም። ስልኩም ላፕቶፑም በዋይፋይ ሲገናኙ ፋይሉ አየሩን ሁለት ጊዜ ይጠቀማል፤ አንዴ ከስልኩ ወደ ራውተሯ፣ እንደገና ከራውተሯ ወደ ላፕቶፑ። ሁለቱም ጉዞ በአንድ ሞገድ ላይ ስለሆነ ተራ ይጠባበቃሉ፣ ፍጥነቱም ለሁለት ይከፈላል። ላፕቶፑን በኔትወርክ ገመድ ከራውተሯ ጋር ሳገናኘው አንዱ ጉዞ ከአየሩ ወረደ። ስልኩ ያው ገመድ አልባ ነው፤ ቪዲዮው ግን በግማሽ ጊዜ ይገባል። ለዚህ ግን የገመድ መሰኪያዋ ጊጋቢት፣ ማለትም በሰከንድ 1000 ሜጋቢት የሚያሳልፍ፣ መሆን አለበት። ረከስ የሚሉት ራውተሮች ላይ መሰኪያው 100 ሜጋቢት ብቻ የሆነባቸው ብዙ ናቸው፤ ያ ማለት በሰከንድ 12 ሜጋባይት ላይ መታሰር ነው። ሻጩ ይህን ካልጠየቃችሁት አይነግራችሁም።

የሚያስቸግረውስ? አለ። ትልቁ ከስልኮች ነው የሚመጣው። የዛሬ ስልክ ኢንተርኔት የሌለውን ዋይፋይ እንደተበላሸ ይቆጥረዋል። ገና እንደገባችሁ ከዋይፋይ ምልክቱ ጎን የቃለ አጋኖ ምልክት ይለጥፋል፤ «ይህ ኔትወርክ ኢንተርኔት የለውም፣ ተገናኝተህ መቆየት ትፈልጋለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ያንን ጥያቄ ያላየ ሰው ስልኩ ዝም ብሎ ወደ ሞባይል ዳታ ወይም ወደ ሌላ የሚያውቀው ዋይፋይ ይሸሽበታል፤ ከዚያ ሎካልሴንድ ላይ ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ ሲያይ ራውተሯን ይረግማል። «አዎ፣ ልቆይ» ብላችሁ ዳግም እንዳይጠይቅ ምልክት አድርጉበት፤ ያ ካልረዳ ፋይሉ እስኪያልቅ ሞባይል ዳታውን አጥፉት። አይፎን ከአይኦኤስ 14 ጀምሮ አፑ በአካባቢው ኔትወርክ ያሉ መሣሪያዎችን መፈለግ ይችል እንደሆነ ፈቃድ ይጠይቃል። የማያውቁት ጥያቄ ሲመጣ «አይ» ማለት የብዙ ሰው ልማድ ነው፤ «አይ» ካላችሁ ግን ምንም አይታያችሁም። ፈቃዱ ሴቲንግ ውስጥ፣ ፕራይቬሲ ከሚለው ሥር ይገኛል። አይፎኑ ላይ አፑ ክፍት ሆኖ ስክሪኑም መብራት አለበት፤ ወደ ሌላ አፕ ከዞራችሁ ዝውውሩ ይቋረጣል። ዊንዶውስ ደግሞ አዲስ ዋይፋይ ሲያይ «የሕዝብ» ብሎ ይመድበውና በሩን ይዘጋል፤ የራሳችሁ ኔትወርክ ከሆነ «የግል» ወደሚለው ቀይሩት።

ከራውተሯ በኩል ቅር ያሰኘኝ ሁለት ነገር ነው። የእንግዳ ዋይፋይ የምትለውን ስከፍት የገቡት መሣሪያዎች አንዱ ሌላውን እንዳያይ አድርጋ ታገልላቸዋለች። ለደኅንነት ጥሩ ነው፣ ግን መመሪያዋ ላይ ስለዚህ አንድ መስመር እንኳ አልተጻፈም። ሁለተኛው ፍላሽ የሚሰካባት የዩኤስቢ ቀዳዳዋ ነው። ካርቶኑ ላይ በኩራት «የጋራ ማስቀመጫ» ይላል። ላፕቶፑ ሊከፍተው እምቢ አለ። ምክንያቱ ራውተሯ የምታውቀው መሣሪያዎች በኔትወርክ ፋይል ከሚካፈሉባቸው ቋንቋዎች ኤስኤምቢ1 የተባለውን አሮጌውን ብቻ መሆኑ ነው፤ በ2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ዓለምን ያናወጠው በዚሁ በኩል ገብቶ ስለነበር ዊንዶውስ ከዚያው ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በአዳዲስ ጭነቶች ላይ ዘግቶታል። ትክክል ነው የዘጋው፤ እኔም መልሼ አልከፈትኩትም። ዓመታት ካለፉ በኋላ አሁንም በዚያ ቋንቋ የሚናገር ዕቃ አምርቶ መሸጥ ግን በጣም ያሳዝናል። ያንን ቀዳዳ እንደሌለ ቆጥሬዋለሁ።

«ስልክህ ሆትስፖት የለውም እንዴ? ለምን ገንዘብ ታወጣለህ?» የሚለኝ ወዳጅ አለኝ፤ ይህ ከሁሉም የከበደው ሙግት ነው። አዎ፣ ሆትስፖትም ያንኑ ሥራ ይሠራል። በእኔ አንድሮይድ ሞባይል ዳታውን አጥፍቼ ሆትስፖቱን ብቻ ብከፍት ፋይሉ ያለምንም የዳታ ወጪ ይሄዳል። አልፎ አልፎ ፎቶ የምትቀባበሉ ከሆነ ራውተር አትግዙ፣ በዚሁ ቀጥሉ። ዳታውን ማጥፋት ብቻ አትርሱ፤ ላፕቶፑ ዋይፋይ አገኘሁ ብሎ አፕዴቱን ማውረድ ከጀመረ ጥቅላችሁን ሙልጭ ያደርገዋል። የእኔ ሁኔታ ግን ሌላ ነው። ስልኬ ካሜራዬ ነው። እየቀረጸ ሆትስፖት ሲሆን ይግላል፣ ባትሪው ይወርዳል፤ እኔ ይዤው ራቅ ስል ኔትወርኩም አብሮኝ ይሄዳል፣ የባልደረባዬ ዝውውር መሀል ላይ ይቆረጣል። ራውተሯ ከፓወር ባንኳ ጋር ቦርሳ ውስጥ ተቀምጣ ማንም መጣ ማንም ሄደ ሥራዋን ትቀጥላለች። የከፈልኩት ለዚህ ነው፤ አልቆጨኝም።

ክላውድ፣ ማለትም ፋይልን በኢንተርኔት በኩል በሰርቨር ላይ የማስቀመጥ አገልግሎት፣ የሚሸጡትም መልስ ይገባቸዋል። ያንኑ 36,000 ሜጋቢት በሰከንድ 5 ሜጋቢት በሚሰቅል መስመር ብጭነው ወደ ላይ ለመውጣት ብቻ ሁለት ሰዓት ነው፤ ከዚያ ባልደረባዬ ታወርደዋለች። ክንዴ ሥር ለተቀመጠ ሰው የምሰጠውን ወረቀት በፖስታ ሌላ አገር አዙሬ እንደመላክ ነው። ከጊዜው በላይ የሚያሳስበኝ ደግሞ በካሜራዬ ፊት የተቀመጡት ሰዎች ናቸው። ድምፃቸውን ለእኔ ብለው ነው የሰጡኝ። ያልታረመው ቅጂ ከእኔና ከባልደረባዬ መሣሪያ ውጭ የትም እንዳልደረሰ አፌን ሞልቼ ስነግራቸው ፊታቸው ላይ የማየው መዝናናት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ለመጠባበቂያ ክላውድ እጠቀማለሁ፣ ሥራው ከተጠናቀቀና ከተፈቀደ በኋላ።

ልትገዙ ካሰባችሁ 5 ጊጋኸርዝ እንዳላት፣ የገመድ መሰኪያዋ ጊጋቢት መሆኑን፣ በ5 ቮልት ዩኤስቢ ከፓወር ባንክ መሥራቷን፣ የማግለያው ምርጫ የሚጠፋ መሆኑን አረጋግጡ። ካርቶኑ ላይ ያለውን ትልቅ ቁጥር ተዉት። የፍላሽ ቀዳዳ አላት ብሎ ዋጋ የሚጨምርባችሁን ደግሞ የትኛውን የኤስኤምቢ ቁጥር እንደምትደግፍ ጠይቁት፤ 2 ወይም 3 ካላለ ጭማሪውን አትክፈሉ።