ውሃ ውስጥ ለወደቀ ወርቅ የትኛው የእጅ ዲቴክተር (ብረት ፈላጊ መሣሪያ) ይሻላል?

«እስከ 60 ሜትር ይጠልቃል» የሚለውን ካርቶን ላይ ያየ ገዢ ሌላ ጥያቄ መጠየቁን ይረሳል። ቀለበት ግን የሚጠፋው ሰው በሚዋኝበት፣ ጀልባ በሚታሰርበት፣ ልጆች እየተንደረደሩ በሚዘሉበት ቦታ ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ውሃው ጨዋማ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው። ጥልቀቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ጨዋማ ውሃ ራሱ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በአንድ ፍሪኩዌንሲ (የሞገድ ድግግሞሽ) ብቻ የሚሠራ ዲቴክተር ባሕር ውስጥ ሲገባ ውሃውን እንደ ብረት ቆጥሮ ይንጫጫል። ፐልስ ኢንዳክሽን የሚባለው ዓይነት አጭር ምት ልኮ ዝም ይላል፤ ጥቂት ማይክሮ ሰከንድ ቆይቶ ያዳምጣል። በዚያች ቅጽበት የባሕሩ ምላሽ ጠፍቶ የብረቱ ብቻ ይቀራል። ነገር ግን ይህ ዓይነት በጥቅሉ አይለይም፤ ቆርኪውም፣ ምስማሩም፣ የዓሣ መንጠቆውም እንደ ወርቁ ያስጮኸዋል። ቀጭን የወርቅ ሐብል ደግሞ ምላሹ እንደ ባሕሩ ቶሎ ስለሚጠፋ ያመልጠዋል። ሐብል ለዲቴክተር አንድ ዕቃ አይደለም፣ የተያያዙ ትንንሽ ቀለበቶች ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰማው ራሱ ሐብሉ ሳይሆን መቆለፊያው ነው።

ለባሕር ጠላቂ የምንመርጠው የቱርኩን ኖክታ ፐልስዳይቭ ነው። ፐልስ ኢንዳክሽን ነው፣ 60 ሜትር ይችላል፣ በአንድ እጅ ይያዛል፣ በድምፅም በንዝረትም ይናገራል። ዋናው ጥቅሙ ጭንቅላቱ መቀየሩ ነው፦ ሰፊው ወለሉን ለመጥረግ፣ እንደ ጣት የቀጠነው ድንጋይ መሃል ለመክተት። ቅያሪው ግን ደረቅ ቦታ፣ በደረቅ እጅ ይሁን፤ ጀልባ ላይ በረጠበ ጓንት የሚፈታ መጋጠሚያ አሸዋ ይዞ ይዘጋል።

ጋሬት ፕሮ ፖይንተር ኤቲ ብርቱካንማው ነው። 6 ሜትር ድረስ ይገባል፣ በ9 ቮልት ባትሪ ይሠራል፤ ባትሪው ከየሱቁ ስለሚገኝ ቻርጀር የማያስፈልግ መሆኑ ለገጠር ሐይቅ ትልቅ ነገር ነው። ሲንጫጫ ቁልፉን አንዴ ተጭኖ መልቀቅ ከአካባቢው ጋር እንደገና ያስማማዋል። በስኖርክል (በመተንፈሻ ቱቦ) ለሚፈልግ ይበቃል። «ትንሽ ብጨምርስ» ማለት ግን አያዋጣም። በየ10 ሜትሩ አንድ አትሞስፌር ግፊት ይጨመራል፤ ይህን ግፊት የሚመክተው ባትሪው የሚገባበት ክዳን ላይ ያለው ኦሪንግ (ክብ የጎማ ማሸጊያ) ነው።

ማይንላብ ኤክስካሊበር 2 ዘንግ ስላለው የእጅ መሣሪያ ለማለት ይቸግራል፤ ብዙ ሰው ስለሚያወዳድረው ግን አለመጥቀስ አይቻልም። በ17 ፍሪኩዌንሲ ስለሚሠራ ጨው ውስጥም ይረጋጋል፣ ቆሻሻንም በመጠኑ ይለያል፣ ወደ 60 ሜትር ይጠልቃል። ኮይሉ (ብረቱን የሚያዳምጠው ክብ ጭንቅላት) እና የጆሮ ማዳመጫው ከሳጥኑ ጋር በማይነቀል ገመድ ተያይዘዋል፤ አንዱ ገመድ ከተቆረጠ ሁሉም ነገር ጥገና ይገባል። ዋጋው ከሺህ ዶላር ያልፋል። በየሳምንቱ ባሕር ለማይወርድ ሰው ገንዘብ ማባከን ነው።

ትንሹ ዲቴክተር ምን ያህል ቦታ እንደሚፈትሽ ቁጭ ብሎ ማስላት ይጠቅማል። አንድ ቀለበት በደንብ የሚሰማው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ስለሆነ አንድ ጥርጊያ 10 ሳንቲም ስፋት ይሸፍናል እንበል። ቀለበቱ የወደቀበት ቦታ መሃል ላይ የታሰረ የ10 ሜትር ገመድ በሚዞርበት ክብ ውስጥ ከሆነ ስፋቱ 314 ካሬ ሜትር፣ መንገዱ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። በደቂቃ 5 ሜትር ቢጠረግ ከ10 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ገመዱ ወደ 3 ሜትር ሲያጥር ግን መንገዱ 280 ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ ቀለበቱ እንደወደቀ ወዲያው ባዶ ሃይላንድ ድንጋይ በታሰረበት ገመድ ቦታው ላይ ይጣል፤ ከየትኛውም ውድ መሣሪያ የበለጠ ይረዳል። ፍለጋው ከድንጋዩ ጀምሮ እየዞረ ወደ ውጭ ይሰፋል፤ በየዙሩ ገመዱ 10 ሳንቲም ብቻ ይለቀቃል።

ከመጥለቅ በፊት በላስቲክ ሳፋ ይሞከር። ለ10 ሊትር ውሃ 350 ግራም ጨው ከባሕር ውሃ ጋር ይቀራረባል። ቀለበት፣ ቀጭን ሐብል፣ ቆርኪና ምስማር አንድ በአንድ እየተጨመሩ መሣሪያው በስንት ሴንቲ ሜትር ርቀት እንደሰማቸው ይጻፍ። የመሣሪያው የመስማት ኃይል እስከ መጨረሻ ተከፍቶ ባዶው ጨው ውሃ ውስጥ ብቻውን ከጮኸ፣ ዝም እስኪል አንድ አንድ ደረጃ ዝቅ ይደረግ።

ውሃ ውስጥ የሐሰት ድምፅ የሚያመጣው ብዙውን ጊዜ ጠላቂው ራሱ ነው። ሰዓቱና የጠለቃ ኮምፒውተሩ ዲቴክተር በያዘው እጅ ላይ አይታሰሩ፤ ቢላዋው ከዚያ ወገን ካለው እግር ይነሳ። በጥልቀት ለማይዋኝ ፈላጊ 1 ወይም 2 ኪሎ ተጨማሪ የእርሳስ ክብደት ወለሉ ላይ ያስተኛዋል። የእግር ክንፍ ጭቃ ስለሚያስነሳ ወደፊት መሄድ በጣት ጫፍ ነው። ድምፅ ሲገኝ በመዳፍ ማራገብ እንጂ መቆፈር አያስፈልግም። ካራገቡ በኋላ ድምፁ ከጠፋ ዕቃው ወደ ጎን ሄዷል፤ የተነሣው አፈር ያረፈበት ይፈተሽ። የተገኘው ቆርኪ ሁሉ የወንፊት ከረጢት ውስጥ ይግባ፤ ከተመለሰ በሚቀጥለው ዙር እንደገና ያሞኛል።

ላንጋኖ ላይ የመሣሪያው መብራት ዋጋ የለውም። ውሃው ቡናማ ስለሆነ ብርሃኑ ተመልሶ ዓይን ላይ ያርፋል፤ ሥራው በንዝረትና በጣት ነው። ላንጋኖም ባቦጋያም ከባሕር ወለል ከ1,500 ሜትር በላይ ናቸው፤ የባሕር ዳርቻ የጠለቃ ሰንጠረዥ (በየጥልቀቱ ምን ያህል መቆየት እንደሚቻል የሚያሳየው) እዚያ አይሠራም፣ ኮምፒውተሩ ለከፍታ መስተካከል አለበት።

ሕጉም አለ። እስራኤል ውስጥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1700 በፊት የተሠራ ዕቃ ቅርስ ነው፤ ያለ ፈቃድ በዲቴክተር ቅርስ መፈለግ ክልክል ነው። በአውሮፓውያን 2015 እዚያው ቂሳርያ ወደብ አጠገብ ጠላቂዎች የፋጢማውያን (ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት ግብፅን ይገዛ የነበረ ሥርወ መንግሥት) ዘመን የወርቅ ሳንቲም አይተው ለቅርስ ባለሥልጣን አሳወቁ፤ በባለሙያዎች ፍለጋ ወደ 2,000 የሚጠጋ ሳንቲም ወጣ። በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ደግሞ ዲቴክተር ይዞ መገኘት ራሱ ያስቀጣል። በኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ፍለጋ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ አይደረግም።

ከውሃ ሲወጣ መሣሪያው ጨው በሌለው ውሃ ግማሽ ሰዓት ይዘፍዘፍ፤ ፍጹም ሳይደርቅ አይከፈት። ኦሪንጉ ላይ ስስ የሲሊኮን ግሪስ ይበቃል፣ ወፍራም ከሆነ አሸዋ ይሰበስባል። ቫዝሊን አንዳንዱን ጎማ ስለሚያሳብጥ አይጠጋ። የባትሪው ቤት ውስጥ ጠብታ ከታየ ባትሪው ወዲያው ወጥቶ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ጥላ ውስጥ ይደር፤ ኦሪንጉ በጥፍር ጠርዝ ተዳስሶ አንዲት ፀጉር እንኳ ከተገኘበት ይጸዳል፣ ከተሰነጠቀ ይቀየራል።