ሁለት ሰማያዊ፣ አንድ ጎዳና

ከፒያሳ ወደ ለገሃር የሚወርደውን የቸርችል ጎዳና ብርሃን በሰማያዊ የዘይት ቀለም ብቻ፣ በተከታታይ ሸራዎች ለመሣል ስነሣ ምርጫው ሁለት ሆነ፦ የፕሩሺያ ሰማያዊ ወይስ አልትራማሪን?

የፕሩሺያው በ1700ዎቹ መጀመሪያ በርሊን ውስጥ የተገኘ የብረት ውሁድ ነው። ጉልበተኛ ነው፤ ምስር የምታህል ጠብታ ብዙ ነጭ ትውጣለች። ወደ አረንጓዴ ስለሚያደላ ለሐምሌ ከሰዓት፣ እርጥብ አስፋልት ላይ ለተኛ የመኪና መብራት ይሆናል። ነገር ግን በብዙ ነጭ ሲቀጥን ለብርሃን ከተጋለጠ ሊደበዝዝ ይችላል፤ ብርሃንን ለሚሥል ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አልትራማሪን ድሮ ከአፍጋኒስታን በሚመጣ ላፒስ ላዙሊ ድንጋይ ይሠራ ነበር፤ እጅግ ውድ ነበር። ሰው ሠራሹ የመጣው በ1820ዎቹ ነው። ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። ወደ ሐምራዊ ያደላል፤ ሙቀት አለው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከጊዮርጊስ ኪዳን አድርሰው የሚወጡ እናቶችን ነጠላ አይቻለሁ፤ በነጩ እጥፋት ውስጥ የሚያርፈው ጥላ ግራጫ አይደለም፣ ራሱ አልትራማሪን ነው። ጥቂት ነጭ ሲነካው ከውስጡ የሚያበራ ይመስላል።

ስለዚህ የንጋቶቹን ሸራዎች በሙሉ ለአልትራማሪን ሰጠሁ። የፕሩሺያው ለዝናቡ ቀን ይቆየኝ።