ስካይሰርቨር፦ ክረምት የማይዘጋው ሰማይ

ሐምሌና ነሐሴ ደመናው ጎንደርን ሲጫናት ቴሌስኮፕ ይዞ መውጣት ከንቱ ድካም ነው። ስሎን የተባለው ትልቅ የሰማይ ቅኝት መረጃ የሚገኝበት ስካይሰርቨር የተባለው ድረ ገጽ ግን ያኔም ክፍት ነው፤ ክፍያ የለውም። ኒው ሜክሲኮ ባለው ባለ 2.5 ሜትር ቴሌስኮፕ ብርሃናቸው የተተነተነ ከ750 ሺህ በላይ ኳሳሮች (እጅግ ሩቅና ደማቅ የጋላክሲ እምብርቶች) አሉበት። በከተማችን ፊዚክስ ለምታስተምሩም ለምትማሩም ከልብ የምንመክረው ነው።

የኳሳር ብርሃን ወደ እኛ ሲመጣ በመንገዱ ያሉ የጋዝ ደመናዎች ከቀለሙ ቆርሰው ያስቀራሉ። ማግኒዥየም የሚቆርሰው በጥንድ ነው፦ 2796.35 እና 2803.53 አንግስትሮም (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ) ላይ። ጥንዱ 5592.7 እና 5607.1 ላይ ከተገኘ የደመናው ሬድሺፍት (የሞገዱ መለጠጥ ልክ) 1 ነው፤ ሞገዱ እጥፍ ሆኗል ማለት ነው። ትልቁ ለትንሹ ሲካፈል ወደ 1.0026 ካልተጠጋ ማግኒዥየም አይደለም።

በፍለጋ ገጹ ዓይነቱን ኳሳር፣ ሬድሺፍቱን ከ1.2 እስከ 2፣ የማስጠንቀቂያ ቁጥሩን (zWarning) 0፣ ማለትም የሬድሺፍት ልኬቱ ችግር ያልታየበት፣ አድርጉ። ገጹ ላይ የሚወጣው ስዕል ትንሽ ስለሆነ ጠባብ መስመሮችን ይውጣቸዋል፤ ቁጥሮቹን በሰንጠረዥ የያዘውን የሲኤስቪ ፋይል አውርዱ። 4 ሺህ ገደማ ረድፍ ብቻ ነው፤ በስልክ ዳታ ቶሎ ይወርዳል፤ መብራት ቢጠፋም ላፕቶፕ ላይ በኤክሴል ሥራው ይቀጥላል።

ተማሪን በብዛት የሚያሳስተው የራሳችን ከባቢ አየር ነው። 5577 ላይ የሰማዩ ብርሃን ሲቀነስ የሚቀር ጠባሳ አለ፤ 7600 አካባቢ ደግሞ ኦክስጅን የቆፈረው ጉድጓድ። ሁለቱም ሩቅ ደመና ይመስላሉ። ለ5577ቱ መድኃኒቱ የሰማዩ ብርሃን የተጻፈበት የፋይሉ አራተኛ ዓምድ ነው፦ የሰማዩ ብርሃን ሽቅብ በዘለለበት ቦታ የተገኘን መስመር አትመኑ። የ7600ው ግን በዚህ ዓምድ እንዲህ ስለማይታይ ቦታውን አስታውሳችሁ እለፉት። ሌላው ስህተት ከመጽሐፍ ይመጣል። የስሎን የሞገድ ቁጥሮች የቫኪዩም (አየር በሌለበት የተለኩ) ናቸው፤ የአየሩን 2795.53 የወሰደ ሰው በሰከንድ 88 ኪሎ ሜትር ያህል ይስታል።

ድክመቱ የመለየት አቅሙ ነው። የፍጥነት ልዩነታቸው በሰከንድ ከ150 ኪሎ ሜትር በታች የሆነ ደመናዎች አንድ መስመር ሆነው ይታያሉ። የጥንዱ መስመሮች የቆረሱት ብርሃን እኩል ከሆነም ተጠንቀቁ፤ ጋዙ ስስ ቢሆን 2796 የሌላውን እጥፍ ይቆርስ ነበር። እኩል ሲሆኑ የምታሰሉት የማግኒዥየም መጠን ዝቅተኛው ግምት ብቻ ነው።

ስካይሰርቨር ስም የሚጽፈው ለኳሳሩ መስመሮች ነው፤ በመንገድ ላይ ያለው ደመና ምልክት የለውም። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥር ይኖራል። ለክፍል ግን ትልቁ ጸጋው ይኸው ነው፤ ደመናውን ፈልጎ የሚያገኘው ተማሪው ራሱ ነውና።