«ቤቱ አርጅቷል» ለሚላችሁ ቀብድ እንዳትሰጡ

የደሴና የአካባቢዋ ሰዎች፣ ይቺን አንብቡልኝ። በተለይ አሮጌ ቤት ውስጥ የቤት ስልክ መስመር ያላችሁ።

እናቴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው የምትኖረው። የጭቃ ቤት ነው፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ። የስልክ መስመሩም እኔ ልጅ ሳለሁ የገባ ነው። ጅዳ ያለችውን እህቴን በኢሞ እንድታያት ብለን በዚሁ መስመር ኢንተርኔት አስገባንላት። ግን በየአምስት ደቂቃው ይቋረጣል። ዝናብ ሲጥልማ ጭራሽ የለም።

አንድ ኔትወርክ እሠራለሁ የሚል ልጅ ተጠርቶ መጣ። ግድግዳውን አየት አየት አደረገና «እማማ፣ ቤቱ አርጅቷል፤ መስመሩ በሙሉ ይቀየር፤ ማጉያም ያስፈልገዋል» አላት። የለካው ነገር የለም። ሞደሙን እንኳ ከፍቶ አላየም። 9 ሺህ ብር ቀድሞ ተቀበለ። እናቴ ቡናዋን የጠጣ ሰው ይዋሸኛል ብላ አላሰበችም።

ቅዳሜ ከኮምቦልቻ ወጥቼ ሳየው አንጀቴ አረረ። ማጉያ የተባለው ዋይፋይ ማዳረሻ ነው። ከሞደሙ የሚወጣውን ዋይፋይ ወደ ጓዳ ያደርስ ይሆናል። በስልክ ሽቦው የሚመጣውን ኢንተርኔት ግን በምንም አይጨምርም። አዲስ ብሎ የዘረጋው ደግሞ ጠፍጣፋ ገመድ ነው፣ ያውም ከመብራት ገመድ ጋር አስተኝቶት። ደህና የስልክ ገመድ ሁለቱ ሽቦዎች እርስ በርስ የተጠማዘዙ ናቸው፤ ከውጭ የሚመጣውን ረብሻ የሚቀንሱት በዚያ ነው። ጠፍጣፋው ይህ የለውም። ከፍለን ከድሮው የባሰ መስመር ነው የገዛነው።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነበር። ድሮ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ተከራይ እያለ ከዋናው መስመር አንድ ቅርንጫፍ ተስቦለት ነበር። ተከራዩ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ ሽቦው ግን እዚያው ነው። እንዲህ ጫፉ ክፍት የሆነ ቅርንጫፍ የኢንተርኔቱን ሞገድ ያስገባና መልሶ ይተፋዋል፤ ዋናውን ያውከዋል። መጋጠሚያው ከጣሪያው ክፈፍ ሥር በፕላስተር የተጠቀለለ ነው። ስፈታው መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። ለካ ዝናብ ሲጥል የሚጠፋው በዚህ ነው። ስልኩም ያለ ስፕሊተር ነበር የተሰካው። ድምፅ ከ4 ኪሎኸርዝ በታች ይሄዳል፣ ኢንተርኔቱ ከ25 በላይ፤ ሁለቱን የሚለየው ስፕሊተሩ ነው። ቅርንጫፉን ቆረጥኩ፣ ጫፉን ልጬ እንደገና አጋጠምኩ፣ ስፕሊተር ገዛሁ። በቃ፣ ሠራ።

ብር ከማውጣታችሁ በፊት መጀመሪያ የስልኩን እጀታ አንሱና አንድ ቁጥር ተጭናችሁ አዳምጡ። ከተንሿሿ አንድ መጋጠሚያ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ሞደሙን መስመሩ ከውጭ ወደ ቤት በሚገባበት ቦታ ላይ ብቻውን ሰኩት። የውስጡን ሽቦ በሙሉ ንቀሉ፤ ስልክም ቅርንጫፍም አይኑር። ኮምፒውተር ካላችሁ በኬብል አገናኙት፤ የጭቃ ግድግዳ ዋይፋይ ስለሚያደክም በዋይፋይ ብትለኩ ትሳሳታላችሁ። አንድ ቀን ተዉት። እዚያ ላይ ደህና ከሠራ ጥፋቱ የቤታችሁ ሽቦ ነው። እዚያም ከተቋረጠ የውጭ መስመር ወይም ሞደሙ ሊሆን ይችላልና 994 ደውላችሁ አስመዝግቡ፤ ለግል ሠራተኛ የምትከፍሉት ነገር የለም።

ባለሙያ ካስመጣችሁም የሞደሙን ገጽ ከፍቶ ኤስኤንአር ማርጂን (SNR Margin) የሚለውን ቁጥር ያሳያችሁ፤ ኢንተርኔቱ ከመስመሩ ረብሻ ምን ያህል ትርፍ እንዳለው የሚናገር ነው። ከ6 ዴሲቤል በታች ከሆነ ሊቆራረጥ ይችላል። ሠርቶ ሲጨርስ እንደገና ያሳያችሁ፤ ያኔ ትከፍሉታላችሁ። ደረሰኝም ጠይቁ። እኛ አልያዝንም።

ሽቦውንና ማጉያውን በፌስታል አድርጌ አስቀምጫለሁ። ለዚያ ልጅ ስደውልለት አያነሳም። ባለፈው ሳምንት ቧንቧ ውሃ ሰፈር አንዲት አሮጊት ቤት ገብቶ ያንኑ «ቤቱ አርጅቷል» ማለቱን ሰምቻለሁ።