ውሻ በመኪና ለማጓጓዝ፦ የደረት ቀበቶ፣ ሳጥን ወይስ ፍርግርግ?

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ከግንብ ጋር ቢላተም፣ ያልታሰረ ውሻ በዚያው ፍጥነት ወደ ፊት ይወረወራል። የሚያርፍበት ኃይል 10 ሜትር ገደማ ከሚሆን ከፍታ ከመውደቅ አይተናነስም፤ ከፊቱ ሰው ተቀምጦ ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ለሁለት ነው። ስለዚህ ዕቃዎቹን ሳወዳድር አንድ ጥያቄ አስቀድማለሁ፤ ከመኪናው ጋር የሚያያዘው በምንድን ነው? ገዢ አብዛኛውን ጊዜ የሚዳብሰው ለስላሳውን የደረት ንጣፍ ነው። ፍሬን በድንገት ሲያዝ ጭነቱን የሚችለው ግን ሌላኛው ጫፍ ነው።

ሰፊ የኋላ ዕቃ መጫኛ ለሌለውና ውሻው በኋላ መቀመጫ ለሚጓዝበት ተራ መኪና የደረት ቀበቶ ቀዳሚው ምርጫ ነው። ገልብጠው ይመልከቱት። ደረቱን የሚይዘው ክፍል ሰፊ፣ ስፌቱ ድርብ መሆን አለበት። የመኪናው የራሱ ቀበቶ በጀርባው በኩል ሾልኮ የሚያልፍበት ዓይነት ከሁሉ ይሻላል። ርካሾቹ አጭር ማሰሪያ አላቸው፤ ጫፉ ከቀበቶው መሰኪያ ውስጥ ይገባል። ችግሩ ውሻው ሲንጎራደድ ቀዩን ቁልፍ ረግጦ ራሱን ሊፈታ መቻሉ ነው። ማሰሪያው በረዘመ ቁጥርም ውሻው ከመያዙ በፊት የሚወረወርበት ርቀት ይጨምራል፤ መቀመጥና መተኛት ካስቻለው ይበቃል። በአንገት ማሰሪያው ማሰር ግን ፈጽሞ አይታሰብም፤ ግጭት ቢደርስ አንገቱን ሊሰብረው ይችላል።

«በግጭት ሙከራ የተረጋገጠ» የሚለውን ጽሑፍ በጥርጣሬ ያንብቡ። ሴንተር ፎር ፔት ሴፍቲ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. የደረት ቀበቶዎችን በአሻንጉሊት ውሾች ሲፈትን፣ አሻንጉሊቱን በየሙከራው መቀመጫው ላይ ያቆየው ስሊፒፖድ ክሊኪት ዩቲሊቲ ብቻ ነበር። አምራቹ በምን ፍጥነትና በስንት ኪሎ እንደፈተነ ካልገለጸ ጽሑፉን እንደ ማስታወቂያ ይቁጠሩት።

ሰፊ የኋላ ዕቃ መጫኛ ላለውና ትልቅ ውሻ ለሚያጓጉዝ ሰው ሳጥን ይበልጣል፤ ጠንካራ ከሆነና ከታሰረ ማለቴ ነው። በቀጭን ሽቦ የተሠራው ይጣመማል፣ ከሁለት የተገጣጠመው ስስ ፕላስቲክ ደግሞ በመጋጠሚያው ይከፈላል። ሳይታሰር የተቀመጠ ሳጥን ራሱ ተወርዋሪ ዕቃ ነው። የመኪናዎ ወለል ላይ የማሰሪያ ቀለበቶች መኖራቸውን ሳያረጋግጡ ገንዘብ አያውጡ። የጀርመኑ የመኪና ባለቤቶች ማኅበር አዳክ ሳጥኑ ከኋላ መቀመጫው ጀርባ ጋር ተጠግቶ በአግድም እንዲቀመጥ ይመክራል። ስለ መጠን ሲነሣ ሰዎች ለውሻቸው ርኅራኄ ይበዛባቸዋል፤ ትርፍ ቦታ ግን በግጭት ጊዜ ውሻውን ከግድግዳ ግድግዳ ያላጋዋል። ቆሞ መዞርና መተኛት ከቻለ በቂው ነው። የሳጥን እውነተኛ ጉድለት ዋጋውና የሚይዘው ቦታ ነው፤ ከኋላ የሚመጣ ግጭትም መጀመሪያ የሚያገኘው ያንን የመኪናውን ክፍል ነው። ስለዚህ የኋላው በር ቢጣበቅ ውሻው በመቀመጫው በኩል የሚወጣበት ሁለተኛ በር ያለው ሳጥን ተጨማሪ ገንዘብ ይገባዋል።

ትንሽ ውሻ ካለዎት ነገሩ ቀላል ነው። ጠንካራ መያዣ ከፊት መቀመጫ ጀርባ ወለሉ ላይ ሽብ ብሎ ከገባ አይንቀሳቀስም። መያዣውን መቀመጫ ላይ አስቀምጦ ቀበቶውን በላዩ ማሳለፍ የተለመደ ነው፤ መያዣው ለዚህ ካልተሠራ ግን ቀበቶው ራሱ ይጨፈልቀዋል።

በኋላ መቀመጫውና በዕቃ መጫኛው መካከል የሚገጠመው ፍርግርግ አሽከርካሪውን ከውሻው ይጠብቃል፤ ውሻውን ግን አይዝም። ከግጭት በኋላ የኋላው በር ሲከፈት የደነገጠ ውሻ በቀጥታ ወደ መንገዱ ይዘላል። ከደረት ቀበቶ ወይም ከሳጥን ጋር ካልሆነ ብቻውን አልመርጠውም። በመቀመጫ ላይ የሚዘረጋው ጨርቅ ደግሞ ፀጉርና ጭቃ ይከላከላል፣ ሌላ ሥራ የለውም።

የትኛውንም ቢመርጡ ከኤርባግ ፊት ለፊት አያስቀምጡት። የደረት ቀበቶ ከሆነ ከፊት እግሮቹ ጀርባ ያለውን የደረት ዙሪያ በሜትር ለክተው ይግዙ፤ ሲታሰር ሁለት ጣት ብቻ የሚያስገባ ይሁን። ግጭት ያየ ቀበቶ ደኅና ቢመስልም ክሩ ተስቦ ሊሆን ስለሚችል፣ ያገለገለ ሲገኝ በርካሽነቱ አይታለሉ።