ሐኪሙን ሳያዩ መታከም፦ በስልክ የሚሰጥ የሱስ ሕክምና ግምገማ

ታናሽ ወንድሜ ሜሪላንድ ውስጥ ከሚገኝ አንድ የሱስ ሕክምና ክሊኒክ ላለፉት ሰባት ወራት በስልክ ብቻ ሲታከም ቆይቷል። በዚህ ጊዜ ሁሉ ሐኪሙንም ሆነ ነርሷን በአካል አላገኛቸውም፤ በቪዲዮም አልተያዩም። ከጎኑ ሆኜ ሂደቱን ስለተከታተልሁና እሱም እንድጽፍ ስለፈቀደልኝ፣ እንዲህ ያለውን አገልግሎት ለራሳቸው ወይም ለቤተሰባቸው ለሚያስቡ ወገኖች ያየሁትን አቀርባለሁ። የክሊኒኩን ስም አልጠቅስም፤ የማነሣቸው ጉዳዮች አብዛኞቹ የአሠራሩ እንጂ የአንድ ቤት አይደሉምና።

ነገሩ የጀመረው ከመኪና አደጋ በኋላ ለጀርባው ሕመም በታዘዘለት ኦክሲኮዶን፣ ኦፒዮይድ ከሚባሉት ሱስ አስያዥ የሕመም ማስታገሻዎች አንዱ በሆነው ክኒን ነው። ሐኪሙ ማዘዙን ሲያቆም ወንድሜ ክኒኑን ከመንገድ መግዛት ጀመረ። ክሊኒክ እንዲሄድ ብንለምነውም እሺ አላለም፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከሱስ ሕክምና ክሊኒክ በር ሲወጣ የሚያየው የማኅበር ሰው ወይም የሥራ ባልደረባ እንደማይጠፋ ያውቃል። በመጨረሻ የደወለው የሚሠራበትን መኪና ዳር አቁሞ፣ መስኮቱን ዘግቶ ነበር። ይሉኝታ ያሰረውን ሰው የፈታው ማንም ፊቱን የማያይበት መሣሪያ መሆኑን ሳስብ፣ ለአገልግሎቱ የምሰጠው ትልቁ ምስጋና እዚህ ላይ ነው።

ይህ አሠራር የቆየ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ቁጥጥር የሚደረግባቸው መድኃኒቶች በርቀት ከመታዘዛቸው በፊት ሕመምተኛው በአካል እንዲመረመር ያስገድድ ነበር። በመጋቢት 2020 በኮሮና ምክንያት የፌዴራሉ የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት፣ ለኦፒዮይድ ሱስ ማከሚያ የሚሰጠው ቡፕረኖርፊን በስልክ ንግግር ብቻ እንዲጀመር ፈቀደ፤ በጥር 2025 የታተመው ደንብ ደግሞ በዚሁ መንገድ እስከ ስድስት ወር የሚደርስ የመጀመሪያ አቅርቦት የሚታዘዝበትን ሁኔታ አስቀመጠ። ሌላው የዚሁ ሱስ ማከሚያ ሜታዶን ግን በስልክ ንግግር ብቻ አይጀመርም።

የመጀመሪያው ጥሪ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ወሰደ። ነርሷ ደጋግማ ያስጠነቀቀችው አንድ ነገር ነበር፦ ኦክሲኮዶኑን ሲያቆም የሚመጣው ሕመም በደንብ ሳይጀምረው የቡፕረኖርፊኑን ክኒን ምላሱ ሥር እንዳያደርግ። ምክንያቱንም አብራራችልን። ቡፕረኖርፊን ኦክሲኮዶን በአንጎል ውስጥ የያዘውን ቦታ ነጥቆ ስለሚቀመጥና ኃይሉ ከእሱ ያነሰ ስለሆነ፣ ቸኩሎ የወሰደ ሰው በአጭር ጊዜ ውስጥ ብርቱ ሕመም ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ቢያንስ 12 ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ከመንገድ የተገዛ ክኒን ፈንታኒል የሚባል እጅግ ብርቱ ኦፒዮይድ የተቀላቀለበት ሊሆን ስለሚችል ከዚያም በላይ ሊረዝም ይችላል። በአካል ቢሆን ሐኪሙ የዓይኑን ብሌን መስፋትና የቆዳውን ፀጉር መቆም አይቶ ሰዓቱን ይወስን ነበር። በስልክ ግን ነርሷ ማዛጋት፣ ንፍጥ፣ ላብና የአጥንት ቁርጥማት መኖሩን አንድ በአንድ ጠየቀች፤ ቀጥላም እኔ ጣቶቼን አንጓው ላይ አድርጌ የልብ ምቱን ለአንድ ደቂቃ እንድቆጥር አዘዘችኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ሁለት ጊዜ ቆጠርሁ። ብቻውን የሚኖር ሕመምተኛ ቢሆን ኖሮ ማን ይቆጥርለት እንደነበር አላውቅም።

የአገልግሎቱ ዋነኛ ድክመትም ከዚያው ፊት ካለመታየት የመጣ ነው። ወንድሜ “እንዴት ነዎት?” ሲባል እንደማንኛችንም “ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን” ይላል። በሁለተኛው ሳምንት እንዲህ ብሎ ሲመልስ ግንባሩ በላብ ተነክሮ፣ ጉልበቱን አቅፎ ሶፋው ላይ ተኮራምቶ ነበር። አስተርጓሚው የተባለውን በታማኝነት አስተላለፈ፤ ነርሷም ደህና መሆኑን መዝግባ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች። ጣልቃ ገብቼ ሁኔታውን ከነገርኋት በኋላ የመድኃኒቱ መጠን በዚያው ቀን ተስተካከለ። ለእሷ ምስጋና ይግባትና ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አጠያየቋን ለወጠች፦ ሌሊት ስንት ሰዓት ተኛህ፣ ትናንት ምን በላህ፣ አምሮቱ ከአስር ስንት ይሆናል? ለቁጥር “ደህና ነኝ” ብሎ መመለስ አይቻልም።

ስለ ትርጉም አገልግሎቱ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ የጤና ተቋማት በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት እንግሊዝኛ ለማይችሉ ታካሚዎች ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው፤ ክሊኒኩም አንድ ጊዜ እንኳ አላጓደለም። አስተርጓሚዎቹ ራሳቸውን በስም ሳይሆን በቁጥር ማስተዋወቃቸው ወንድሜን አረጋግቶታል፤ የሐበሻው ማኅበረሰብ ጠባብ በመሆኑ “ድምፄን የሚያውቅ ቢሆንስ?” የሚለው ስጋት ቀላል አልነበረም። የቋንቋው ጥራት ግን ከሰው ሰው ይለያያል። አንደኛው በእንግሊዝኛ “ዕፁን የወሰድህበት የመጨረሻ ቀን” ለማለት የሚነገረውን ቃል በቀጥታ “ለመጨረሻ ጊዜ የተጠቀሙት መቼ ነው?” ብሎ ሲተረጉም፣ ወንድሜ “ምን ተጠቀምሁ፤ ተጎዳሁ እንጂ” ብሎ መለሰና ሁላችንም ግራ ተጋባን። ሌላዋ ደግሞ ሰላሳ ስምንት ዓመት የሞላውን ሰው ያለ ትውውቅ “አንተ” እያለች ስታናግረው እንደ ተግሣጽ ስለተሰማው ያን ቀን ብዙ አልተናገረም። ሌላ አስተርጓሚ መጠየቅ እንደሚቻል የነገረን አልነበረም፤ ስንጠይቅ ግን ወዲያው ቀየሩልን።

በጣም ያስቆጣኝ የመድኃኒት ቤቱ ጉዳይ ነው። ማዘዣው አርብ ማታ ቢላክም የሰፈራችን መድኃኒት ቤት መጀመሪያ መድኃኒቱ የለም አለን፤ ቆየት ብሎ በስልክ ከታከመ ሰው ማዘዣ አንቀበልም አለን። ክሊኒኩ ከሥራ ሰዓት በኋላ የሚመልሰው በተቀዳ ድምፅ ብቻ ስለነበር ቅዳሜንና እሑድን ያለ መድኃኒት አሳለፍን። ሱስ ለመተው የወሰነ ሰው ወደ ቀድሞው ሻጭ እንዲደውል ለመገፋፋት ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም። በፌዴራሉ ነፃ የእርዳታ መስመር 1-800-662-4357 ብንደውል በእርጋታ አነጋግረው በአቅራቢያችን ያሉ ተቋማትን ጠቁመውናል፤ ቀንም ሌሊትም የሚሠራ መስመር ቢሆንም የሚሰጠው መረጃና ጥቆማ እንጂ ማዘዣ አይደለም። ሰኞ ዕለት ሐኪሙ ማዘዣውን ወደ ሌላ መድኃኒት ቤት አዛወረው። ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት መድኃኒቱ መኖሩንና ማዘዣውን እንደሚቀበሉ መድኃኒት ቤቱን ደውላችሁ አረጋግጡ፤ መታወቂያም ያዙ።

ክፍያውን ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) ስለሸፈነ ከኪሳችን የወጣ ነገር የለም። ክኒኑ ከሟሟ በኋላ አፍን በውኃ መጉመጥመጥና ጥርስ ለመቦረሽ አንድ ሰዓት መጠበቅ እንደሚገባ የተነገረን እኔ ስለጠየቅሁ ነው፤ ሳይጠየቁ ሊነግሩን ይገባ ነበር። ከ2023 ጀምሮ ያለ ማዘዣ የሚሸጠውን በአፍንጫ የሚረጭ ናሎክሶን፣ ኦፒዮይድ ከልክ በላይ የወሰደን ሰው የሚያነቃውን መድኃኒት፣ ቤት ውስጥ እንድናስቀምጥ ግን በመጀመሪያው ቀን መክረውናል።

ቤተሰብ የሆናችሁ አንድ ነገር እወቁ፦ ታካሚው በጽሑፍ ካልፈቀደ ክሊኒኩ በሽተኛ መሆኑን እንኳ አይነግራችሁም፤ ስለዚህ የፈቃድ ቅጹን አስቀድማችሁ አስሞሉ። ለኦፒዮይድ ሱስ አብሮት የሚሆን ሰው ላለው ታካሚ አገልግሎቱን ያለማመንታት እመክራለሁ። አልኮል በብዛት ለሚጠጣ ወይም የእንቅልፍና የጭንቀት ክኒን አብሮ ለሚወስድ ሰው ግን በስልክ ብቻ እንዲጀምር አልመክርም፤ አልኮል በድንገት ሲቆም እንደ የሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊያስከትል ይችላልና በአካል የሚያየው ሐኪም ያስፈልገዋል።

የወንድሜ ቀጠሮ አሁን በአራት ሳምንት አንድ ጊዜ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ነርሷ ደወለችና እንዴት እንደሆነ ጠየቀችው። “ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን” አለና ቀጣዩን ጥያቄ ሳይጠብቅ፣ “ሰባት ሰዓት ተኝቻለሁ፤ አምሮቱ ሁለት ነው” ብሎ ጨመረበት።