ሚሞሪ ካርድ ወይስ ቺፕ?
ደብረ ማርቆስ ላይ አሮጌ ፕሌይስቴሽን 2 ይዞ ሆምብሪው የሚሉትን፣ ሰዎች እቤታቸው የጻፉትን ፕሮግራም ማስኬድ ለሚፈልግ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ቺፕ፣ ማለትም የማሽኑን የዲስክ ፍተሻ የሚያልፍ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል፣ ማስበየድ ነው። የተቀዳ ዲስክ በቀጥታ ያጫውታል። ግን ማሽኑ ይከፈታል፣ ቀጫጭን ሽቦ ይበየዳል። የበያጁ እጅ ከተንቀጠቀጠ አለቀለት። የኔው እንደዚያ ነው የሄደው።

እኔ ሁለተኛውን፣ ጌም ሴቭ የሚደረግበትን ሚሞሪ ካርድ እመርጣለሁ። 8 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ፍሪ ማክቡት የሚባለው ሆምብሪው የሚያስነሳ ፕሮግራም ከተጫነበት ግን ሰክቶ ማብራት ነው። ብሎን አይፈታም። ፍላሽም ያነባል፤ ዩኤስቢው ቀርፋፋው የድሮ 1.1 ስለሆነ ግን ጌም ላይ ቪዲዮው ይቆራረጣል። ፍሪ ማክቡት እየተጫነ ሳለ መብራት እልም ካለ ካርዱ ሊበላሽ ይችላል። የመብራትን ነገር ደግሞ እናውቀዋለን። መጨረሻ ከወጡት ባለ 90000 ሞዴሎች ብዙዎቹ ፍሪ ማክቡትን ከካርዱ አያስነሱም፤ ከመግዛትዎ በፊት ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ይዩ።